ላሊበላን በቡድን ሄደን ስንጎበኝ ጉዳት እናደርሳለን ወይ?

ኤደን ከሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብራችን ሰዎች ጋር ተሰባስበን ለገና ላሊበላ ለመሄድ አስበናል። አርባ ሰው እንጠጋለን። ግማሾቹ እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው፣ አገራቸውን በደንብ እንዲያዩልን ነው የምንፈልገው።

ግሩፓችን ላይ ግን ክርክር ተነሳ። አንዱ ወንድማችን "ድንጋዩ እየተሰነጠቀ እየተፈረፈረ ነው እየተባለ እኛ ደግሞ አርባ ሆነን ሄደን የምንረግጠው ምን አድርገን ነው? በቪዲዮ እንየው" አለ። አንዷ እህታችን ደግሞ ተቆጣች። "ከተማው ከኮሮና ጀምሮ እንግዳ አጥቶ ሰው በችግር እየተጠበሰ እናንተ በቪዲዮ ትላላችሁ?" አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጉዞውን የማስተባብረው እኔ ስለሆንኩ ግን መወሰን አለብኝ።

ቦታውን የምታውቁ በግልጽ ንገሩኝ። ጎብኚ ቅርሱን በእውነት ይጎዳል? ከጎዳስ የሚጎዳው በምኑ ነው? ለቡድናችን ምን ዓይነት ሕግ እናውጣ? ገንዘባችንስ የት የት ቢወጣ ነው የአካባቢውን ሰው የሚደርሰው? የመንገዱንና የጸጥታውን ነገር ለብቻው እያጣራን ስለሆነ እሱን እዚህ አታንሱብኝ። አመሰግናለሁ።

የላስታ ልጅ፦

እህቴ ኤደን፣ ላሊበላ ተወልጄ ያደግኩ አስጎብኚ ነኝ። መልሴ አጭር ነው፣ ኑ።

ከተማው በእንግዳ የሚኖር ከተማ ነው። ኮሮና ሲመጣ ሆቴሎቹ ተዘጉ። ትንሽ አገገምን ስንል ጦርነቱ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ መብራትም ባንክም ሳይኖረን ከረምን። ከዚያ በኋላ ደግሞ የክልላችን ግጭት ተከተለ። በዚህ ሁሉ መሃል ቋንቋ ተምሮ፣ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራው አስጎብኚ አንዳንዱ የቀን ሥራ ገባ፣ አንዳንዱ አገር ጥሎ ሄደ። ሰው ሆቴሉንና አስጎብኚውን ብቻ ነው የሚያየው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ በር ላይ ጫማችሁን የሚጠብቁላችሁ ሰዎች አሉ፣ ኑሯቸው እሱ ነው። እንጀራ የምታቀርበው፣ ጠጅ የምትጥለው፣ ነጠላ የሚሸምነው፣ መስቀል የሚቀርጸው፣ ባጃጅ የሚነዳው ሁሉ ከዚያው ነው የሚቀምሰው። እንግዳ ሲጠፋ የሚጠፋው የዚህ ሁሉ ሰው ገቢ ነው።

የመግቢያው ብር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚገባው። የውጭ ዜጋ የሚከፍለው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 50 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፣ ስለ አሁኑ ዋጋ ከመምጣታችሁ በፊት እዚያው ጠይቁ። ከዚያ ገንዘብ ካህናቱ ይተዳደሩበታል፣ እሱ ጥሩ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ላለው ነዋሪ የሚደርሰው ግን እናንተ ከተማው ውስጥ የምታወጡት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሁሉንም ነገር ገዝታችሁ፣ አስጎብኚም ከዚያ ይዛችሁ አትምጡ። የአካባቢውን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ፣ ምሳችሁን ትንንሽ ቤቶች ብሉ።

ጉዳት አለ ወይ ላልሽው፣ አዎ አለ። ለምሳሌ ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስድ ጨለማ ዋሻ አለ፣ የሲኦል ምሳሌ ነው እየተባለ ያለ ባትሪ ነው የሚታለፈው። ሰው መንገዱን የሚያገኘው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ነው። አሥር ሰው ሲያልፍ ችግር የለውም። አርባ ሰው አንድ ላይ ሲገባ ግን ፊተኛው ይቆማል፣ ኋለኛው ይገፋል፣ ቦርሳው ግድግዳውን ይፍቃል፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ ያንን የመስቀል ቅርጽ ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ጠርዙ ላይ ይወጣል። አጥር የለውም። ከታች ግቢው ውስጥ ሰው እየጸለየ ከላይ ጠጠር ሲወርድበት አይቻለሁ። ልጆቹን በተለይ እዚያ ላይ አደራ።

ስድስት ኪሎ አርክቴክት፦

ከላይ ያለው ወንድማችን የተናገረው ልክ ነው። እኔ ደግሞ በቅርስ ጥገና በኩል የማውቀውን ልጨምር፣ ትንሽ ይረዝማል።

የላሊበላ ዋና ጠላት ውሃ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ ባይሆንማ ያንን ሁሉ መፈልፈል ባልተቻለ። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፣ በበጋ ሲደርቅ ጨው ወደ ላይ ይወጣና የድንጋዩን ፊት እየገፋ ያፈርሰዋል። ይሄ በየዓመቱ ይደጋገማል። የጥንቶቹ ሰዎች ይሄን አሳምረው ያውቁ ነበር። ጣሪያውን አዘንብለው ፈለፈሉት፣ በየግቢው ቦይ አወጡለት፣ ውሃው እየተቀባበለ እዚያው ላሊበላ ዮርዳኖስ እስከሚባለው ወንዝ ድረስ እንዲወርድ አደረጉ። ቦዩ በደለል ሲደፈን ውሃው ግድግዳው ሥር ይተኛል። በኔ እምነት ከሺህ ጎብኚ እግር አንድ የተደፈነ ቦይ ይከፋል።

ታዲያ ቱሪዝም ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ትይኝ ይሆናል። የሚጎዳው ለጎብኚው ተብሎ የሚሠራው ነው። ከተማው ለሆቴል ብሎ አደገ፣ በዙሪያው ያለው መሬት ተገነባ፣ ተነጠፈ፣ ድሮ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናብ አሁን እየተንደረደረ ይወርዳል፣ የቤቱም ፍሳሽ ተጨመረበት። በቅርስ ዙሪያ ተሠርተው የነበሩት ባለ አንድ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ እነዚያ የላስታ ቤቶች፣ ራሳቸው ቅርስ ናቸው። ነዋሪው በአብዛኛው ተነስቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፍሯል። ቦታው ለጎብኚ ጸድቷል፣ ግን በየቀኑ እዚያ የሚያድር፣ ቦይ ሲደፈን ቀድሞ የሚያይ ጎረቤትም አብሮ ሄዷል። ይሄ ለኔ ትልቅ ጉዳት ነው።

ጥገናውም ራሱ አቁስሏል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ ሬንጅ ተቀባ። ሬንጁ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ አስቀረው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጄሊኒ የሚባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ያንን ሲያስነሳ ነበር። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ከዚያ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 አራት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ነው ተባለ። ዝናቡን ከልክሏል፣ እሱን አልክድም። ግን ለዘመናት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ ድንጋይ በአንዴ ሲደርቅ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ የብረቱ ክብደትና ነፋሱም ሰውን ያሰጋል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ሕዝብ መጠለያው ይነሳልን ብሎ ሰልፍ የወጣው። በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

ተስፋ የሚሰጠኝ የቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ሥራ ነው። እዚያ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ጣሪያውን ጠገነው፣ የአካባቢው ሰዎችም ሠልጥነው በእጃቸው ሠሩት። ቀስ ያለ ሥራ ነው፣ ፎቶ ላይ አያምርም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። ግን ድንጋዩ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሊዮን ነዋሪ፦

እኔ የምኖረው ፈረንሳይ ነው። አርክቴክቱ ያለውን አክብሬ በአንድ ነገር አልስማማም። የሰው ብዛት እንደዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላስኮ የሚባል ዋሻ አለ። በውስጡ የጥንት ሰዎች የሳሏቸው በሬዎች፣ ፈረሶች፣ አጋዘኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኘ፣ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፣ በቀን ወደ 1,200 ሰው ይገባበት ነበር። ሰው ምንም አልነካም፣ የተነፈሰው ትንፋሽ ነው ያበላሸው። እርጥበቱና ሙቀቱ ሲጨምር ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለ። በ1963 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ዘጋው፣ እስካሁን ተዘግቷል። ሕዝቡ የሚያየው አጠገቡ የተሠራውን ቅጂ ነው፣ የመጀመሪያው ቅጂ በ1983፣ ትልቁ ደግሞ በ2016 ተከፈተ። የጣሊያኗ ጥንታዊ ከተማ ፖምፔም እ.ኤ.አ. ከ2024 ኅዳር ጀምሮ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አላስገባም ብላለች።

ታዲያ እኛ ለምን በሰዓት የተከፋፈለ ቲኬት አይኖረንም? በቤተ ማርያም ጣሪያ ላይ ያሉት ሥዕሎች እኮ እጅግ የቆዩ ናቸው። በዚያች ጠባብ ቤት ስንት ሰው በአንዴ ይገባል ብሎ የሚቆጥር ሰው ሊኖር ይገባል።

ዲያቆን ከጎንደር፦

ወንድሜ ከሊዮን፣ ስለ ተቆርቋሪነትህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ላስኮ ውስጥ የሚቀድስ የለም። ላሊበላ ሲቀደስበት፣ ሲቆረብበት፣ ሰው ሲጠመቅበት ወደ ስምንት መቶ ዓመት የሆነው ቤት ነው። ቅጂ ሠርተን ምዕመኑን ወደ ቅጂው ልንልከው አንችልም። በቲኬት ሰዓት መከፋፈል ለጎብኚ ይሁን፣ እደግፋለሁ። ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ገጠር ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ የመጣን አባት ግን "ሰዓትህ አልደረሰም" ብሎ በር ላይ የሚያስቆመው ማነው? ልጅ ፈልጋ ቤተ ማርያም ግቢ ካለው ጠበል የምትገባ እናት ለጉብኝት አልመጣችም።

ስለዚህ ኤደን፣ የእናንተ ቡድን መጀመሪያ ይሄን ይለይ። ልትጸልዩ ነው ወይስ ልትጎበኙ? ሁለቱንም ከሆነ በየጊዜው ይሁን። ቅዳሴ ሲሆን ካሜራ ይቀመጥ። ታኅሣሥ 29 ጠዋት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ካህናቱ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው ይቀባበላሉ፣ ቀኑም የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። በዚያ ሰዓት ስልኩን ከፍ አድርጎ ከኋላው ያሉትን እናቶች የሚጋርድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከእናንተ አንድም እንዳይኖር።

ቤተ ጊዮርጊስ ግቢ በግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ የሰው አጽም አለ። ከሩቅ መጥተው እዚያው ያረፉ ምዕመናን ናቸው ይባላል። አንዳንዱ ጎብኚ ጭንቅላቱን አስጠግቶ ፎቶ ይነሳል። እባካችሁ ልጆቻችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እነዚያ እንደኛ ክርስቲያኖች ናቸው፣ መቃብር ነው።

የመጨረሻው ስለ መግዛት ነው። አሮጌ ብራና፣ አሮጌ መስቀል፣ "ከአያቴ የወረስኩት" የሚል ሰው ከመጣባችሁ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ1997 የቤተ መድኃኔዓለም የወርቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ የምንለው፣ ተሰርቆ ቤልጅግ ድረስ ሄዶ ነበር። በ2001 ተመለሰ፣ ከተማውም በእልልታ ተቀበለው። ያ የታወቀ መስቀል ስለሆነ ተገኘ። ከየገጠሩ ደብር ጠፍቶ ማንም የማያውቀው ስንት አለ። ገዢ ባይኖር የሚሰርቀው ማነው? አዲስ የተቀረጸ መስቀል ከሠሪው እጅ ግዙ፣ ያ በረከት ነው።

የላስታ ልጅ፦

ዲያቆን ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በአንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ ቀኑ።

ገና ላይ ከተማው ከአቅሙ በላይ ነው። ምዕመኑ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ በየድንኳኑ ያድራል፣ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፣ ውሃ ያጥራል። አርባ ሰው ሆናችሁ ሆቴል ስትይዙ እዚያ ቀን ላይ ለከተማው የምትጨምሩት ጥቅም ትንሽ ነው፣ ያለ እናንተም ሞልቷል። በማግስቱ ግን ሁሉም ጠቅልሎ ይሄዳል። ከተማው ጭር የሚለው ያኔ ነው። ለበዓሉ ኑ፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ቆዩ። ጉብኝታችሁን ያኔ አድርጉት፣ ከአሥር አሥር ሰው ሆናችሁ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አስጎብኚ ይዛችሁ። አንዱ ጠዋት ከቤተ መድኃኔዓለም ይጀምር፣ ሌላው ከቤተ አማኑኤል ይጀምር፣ ሦስተኛው አሸተን ማርያም ተራራ ይውጣ፣ አራተኛው ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ያለ፣ በእንጨትና በድንጋይ ድርብርብ የተሠራ፣ ከተማው ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ የሚደርሰው እንግዳ ጥቂት ስለሆነ የአካባቢው ሰው ገቢም ትንሽ ነው። በማግስቱ ተቀያየሩ።

ሌላው የሕፃናቱ ነገር ነው። "ደብተር ግዛልኝ፣ ኳስ ግዛልኝ" እያሉ የሚከተሏችሁ ልጆች አሉ። ለልጁ በእጁ ብር ስትሰጡ ነገም ከትምህርት ቤት ቀርቶ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። ልባችሁ ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ። ይሄንን እንደ ወንድም ነው የምለምናችሁ፣ የሰፈሬ ልጆች ናቸው።

ኤደን ከሜሪላንድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለግሩፑ አነበብኩላቸው፣ በቪዲዮ እንየው ያለውም ወንድማችን ሃሳቡን ቀየረ። ከበዓሉ በኋላ እንቆያለን፣ በአሥር በአሥር እንከፈላለን፣ አስጎብኚዎቹን ከዚያው ከላሊበላ እንይዛለን። ድሮንም የለም፣ አንድ ልጅ ሊይዝ አስቦ ነበር፣ ተከልክሏል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ገንዘብ አሰባስበናል፣ ብዙ ባይሆንም ለጥገና መስጠት እንፈልጋለን። አንዳንዶቹ ሲሚንቶ ይገዛ፣ አንዳንዶቹ ለውስጥ አዲስ ምንጣፍና መብራት ይግባ እያሉ ነው። አርክቴክቱ ምን ትላለህ?

ስድስት ኪሎ አርክቴክት፦

ሲሚንቶ በፍጹም። ሲሚንቶ ከዚያ ድንጋይ በላይ ይጠነክራል፣ ውሃ አያስወጣም፣ ድንጋዩ በዙሪያው ይፈርሳል፣ ሲሚንቶው ይቀራል። ድሮ የተለጠፈውን ለማንሳት ስንት ተደከመ። በየገጠሩ ያሉ ጥንታዊ ደብሮችም በቅን ልብ በተላከ ገንዘብ ፈርሰው በብሎኬት እየተተኩ ነው፣ ሲያሳዝን። ምንጣፉም ከፕላስቲክ ከሆነ እርጥበት ከሥሩ ይይዛል። መብራት ከተፈለገ ያለ ባለሙያ አንድ ሚስማር እንኳ ግድግዳው ላይ አይመታ።

ብሩን ለቦይ ጠረጋ አድርጉት። በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የአካባቢው ወጣቶች በቀን ሒሳብ ተቀጥረው ደለሉን ያውጡ፣ ጣሪያው ላይ የበቀለውን ሣርና ቁጥቋጦ ሥሩ ስንጥቁን ሳያሰፋው ባለሙያ በቆመበት ይንቀሉ። ብሩን በደብሩ አስተዳደር በኩል በደረሰኝ ስጡ፣ ለምን ሥራ እንደሆነ በደብዳቤ ላይ ይጻፍ፣ የቅርስ ቢሮውም እንዲያውቀው ይደረግ። አንድ ጊዜ ከምትሰጡ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ በየዓመቱ ብትልኩ ይሻላል፣ ደለሉ በየዓመቱ ስለሚመለስ። የደብዳቤውን ረቂቅ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።